አዋላጇ የት ትቀመጥ?

አቶ እንድሪስ ይመር ለልጃቸው አዋላጅ ሲመርጡ የወሎውን ቅጂ መረጡ። ጤና ጣቢያው ያቀረበላቸው ሦስት ዓይነት ነበር፤ ፈጣኑ፣ መካከለኛውና የወሎው። ስለ ፈጣኑ የተጻፈውን ሲያነቡ ፊታቸው ተጨማደደ። «ሰላምታ አያበዛም» ይላል። ደሴ ተወልደው ደሴ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሰላምታ የማያበዛ ነገር በገዛ እጃቸው ቤታቸው ሊያስገቡ አልሆነላቸውም።

«ትህትና ያለው ይሻላል» አሉ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ትርንጎ። «ልጅ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ የባለጌ መሆን የለበትም።»

«መጀመሪያ የሚሰማው የእናቱን ጩኸት ነው» አሉ ትርንጎ። «ቶሎ የሚቀመጠውን አምጣ።»

እንድሪስ ግን ጣታቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ነበር።

በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ ችግር ያልታየባት ነፍሰ ጡር ሆስፒታል አትሄድም። አዋላጇ ቤት ድረስ ትመጣለች። ቦታዋን ይዛ ስትቀመጥ ሆስፒታሉ በእሷ ዓይን ያያል፣ በእሷ አፍ ይናገራል፤ እጅ የቤተሰቡ ነው። ካልተቀመጠች ሆስፒታሉ ምንም አያይም። ፕሮግራም «መጫን» ማለት ከቀረ ቆይቷል። ለአህያ የሚባል ለእንግዳ አይባልም ተብሎ «ማስቀመጥ» ሆኗል። ወደ ሰው ቤት የሚገባ ፕሮግራም ሁሉ የአገሩን ወግ ይወቅ የሚል ደንብ ከወጣ ወዲህ ደግሞ አቀማመጡም እንደ ሰው ሆነ።

የቤቱ ኮምፒውተር አንድ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ነው። ቦታው ግን ብዙ ነው። ሳሎን አለ፣ ጓዳ አለ፣ መኝታ ቤትና ባኞ ቤት አለ፤ ዝቅ ሲል የጫማ ሳጥንና የበር ደወልም አለ። ፕሮግራም በተቀመጠበት ቦታ ጆሮ ይሰማል፣ በተቀመጠበት ቦታ አፍ ይናገራል። ስለዚህ ሰው ያስብበታል፣ ጎረቤት ያማክራል። ፊት ለፊት የሚኖሩት ወይዘሮ ሽታዬ የቻይንኛ አስተማሪያቸውን ሳያስቡበት ባኞ ቤት አስቀምጠው፣ እስካሁን ቻይንኛው የሚመጣላቸው ውሃ ሲነካቸው ብቻ ነው። በራሱ ፈቃድ ካልተነሣ በቀር፣ ቦታ ይቀየር ከተባለ ፕሮግራሙ ተሸኝቶ፣ ወጥቶ፣ እንደ አዲስ እንግዳ መግባት አለበት። ሽኝቱ ራሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

የእንድሪስና የትርንጎ ልጅ መሬማ የመኝታ ቤቱን ቁም ሣጥን ይዛ ቆማለች። ባሏ ሰይድ ከሰመራ በባቡር እየመጣ ነው። ምጡ ከጠዋት ጀምሮ መጣ ሄድ ሲል ቆይቶ አሁን መምጣቱን እንጂ መሄዱን ትቶታል።

«አይዞሽ፣ የመጀመሪያ ልጅ ይዘገያል» አሏት እንድሪስ።

«በእኛ ዘር አይዘገይም» አሉ ትርንጎ። «እሷን የወለድኳት ሊፍት ውስጥ ነው። ከዚህ ከአሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ገብቼ ምድር ሳይደርስ። ረሳኸው?»

እንድሪስ አልረሱትም። ሊፍቱ ውስጥ አብረው ነበሩ፤ ራሳቸውን ስተው ስለወደቁ ያዩት ነገር ግን የለም። ልጃቸው ስትወለድ አላዩም። የልጅ ልጃቸው ሲወለድ አያለሁ ብለው ለሠፈሩ ሁሉ ተናግረዋል።

«ቤቶች!» አለ ግድግዳው በሴት ድምፅ።

«መጣች!» አሉ እንድሪስ፤ ልብሳቸውን አስተካከሉ። «ግቢ፣ ግቢ! እንኳን ደህና መጣሽ!»

«እንኳን ደህና ቆያችሁኝ። ቤተሰቡ ደህና? ጎረቤቱ ደህና? የደጁ ብርድ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። አንቺስ? መንገዱ እንዴት ነበር?»

«እንድሪስ» አሉ ትርንጎ።

«እሺ፣ እሺ። መኝታ ቤት አዘጋጅተንልሻል። ሰፊ ነው፤ ልጅቱም እዚያው ናት። ነይ ተቀመጪ።»

«ኧረ መኝታ ቤት ለእኔ ይበዛል። እኔ እዚሁ ደጁ ላይ ይበቃኛል።»

«በሞቴ!»

እዚህ ላይ እንድሪስ ያላሰቡት ነገር መጣ። መኝታ ቤት ባዶ አልነበረም፤ የመብራቱ ፕሮግራም ነው የሚቀመጥበት። እሱንም የወሎ ቅጂ ብለው የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ የቤታቸው ፕሮግራም ሁሉ የወሎ ነው። መብራቱ እንግዳ ቆማ ሲሰማ፣ «ኖር! ኖር! እዚህ ይቀመጡ፣ እኔ ተነሥቻለሁ!» አለ። ፕሮግራም ሲነሣ ሥራውም አብሮ ይነሣል። ቤቱ ጨለመ። የጦሳ ተራራ ጉም መስኮቱን ሸፍኖ ስለነበር ከውጭም የሚገባ ብርሃን አልነበረም።

«ማነው መብራት ያጠፋው?» አለች መሬማ።

«ማንም አላጠፋው፣ ተነሥቶ ነው» አሉ አባቷ።

«አስቀምጡት!»

«ኧረ በእግዜር አይነሡ!» አለች አዋላጇ ለመብራቱ። «ለእኔ ብለው? እንዲህ ያለ ነገር ከቶ አላደርግም።»

«እርስዎ ቆመው እኔ ልቀመጥ? ወላሂ አይሆንም!»

ጓዳ የተቀመጠችው የውሃዋ ፕሮግራም ወሬውን ሰማች። ሁለት ሰው ቆሞ እሷ መቀመጥ ደስ አላላትም፤ ተነሣች። ትርንጎ ፎጣ የሚዘፈዝፉበት ቧንቧ ጠብ ብሎ ቆመ። እሷ ስትነሣ ምድጃው ተነሣ። የተጣደው ውሃ ሊፈላ ሲል ዝም አለ። ማጠቢያው የእንድሪስን ጋቢ ግማሽ አዙሮ ቆመ። መጋረጃው ቦታ ለመልቀቅ ግራና ቀኝ ተከፈተ፤ የሚገባ እንጂ የሚቀመጥ አጣና ተመልሶ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ። የወለል ጠራጊዋ ማሽን ከአልጋው ሥር ወጥታ፣ እንግዳ እንደመጣበት ልጅ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ይቀመጡ እንጂ።»

«እርስዎ ይቅደሙ።»

«አፈር ስሆን።»

«አፈሩን ለእኔ!»

ከጨለማው ውስጥ መሬማ ሳቀች። ሳቁ ምጡን ጠራው፤ ምጡ ሲለቃት መልሳ ሳቀች።

«አታስቁኝ! እማዬ፣ ዝም አሰኚያቸው! በሳቅ ልወልድ ነው!»

«እኔን እኔን» አለች አዋላጇ ከደጅ። «ልጅቱ ተጨነቀች መሰለኝ። ለመሆኑ ምጡ በምን ያህል ጊዜ ይመጣል?»

«ገብተሽ ተቀምጠሽ እይዋ!» አሉ ትርንጎ።

«እገባ ነበር፤ እኚህ ትልቅ ሰው ቆመውብኝ ነው» አለች። ትልቁ ሰው ምድጃው ነበር። ከቤቱ ፕሮግራም ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል፤ ትርንጎ ሲዳሩ የገባ ነው።

«እንድሪስ፣ በቃ! ሸኛትና ፈጣኑን አምጣ!»

«እንግዳ ከደጅ ይመለሳል? ከእኔ ቤት?» አሉ እንድሪስ። ጨለማው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ጓዳ፤ በሄዱበት ጠራጊዋ ትከተላቸዋለች፤ የቤቱ ጌታ ሲሄድ ዝም ብላ ልታይ አልቻለችም። «እሱስ ይሁን፣ ለመሸኘትስ? ሳትበላ ሳትጠጣ እንዴት ብዬ?»

«ፕሮግራም ናት!»

«ፕሮግራም ብትሆንስ?»

በመጨረሻ ምድጃው፣ ዕድሜ ያለው ነውና፣ ፈረደ። «እኔ ጓዳ እቀመጣለሁ። እርስዎም መኝታ ቤት ይግቡልኝ። መብራቱ ወጣት ነው፤ ጎንዎ ጠበብ ብሎ ይቀመጣል።» አዋላጇ ይህን ከተባለች እንቢ ማለት ነውር ነው አለች። «በሉ እንግዲህ…» ብላ መግባት ስትጀምር መብራቱ ብልጭ አለ። የመሬማ ፊት ታየ፤ በላብና በእንባ ርሶ ይስቃል።

ልክ በዚህ ሰዓት ወይዘሮ ሽታዬ በሩን ገፍተው ገቡ። ከሻወር ነው የመጡት፤ ፀጉራቸው ውሃ ያንጠባጥባል።

«ምነው ጩኸት ሰማሁ? ደረሰላት እንዴ?»

«ኖር!» አለ ቤቱ በአንድ አፍ። መብራቱ ጠፋ።

«ኧረ በእግዜር፣ አትነሡ!» አሉ ሽታዬ፤ ተነሥተው የነበሩት ደግሞ ይህን ሲሰሙ የበለጠ ተነሡ።

ትርንጎ ጨለማው ውስጥ የሽታዬን እጅ ይዘው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አደረጓቸው። «ሽታዬ፣ በማርያም፣ አንቺ ብትቀመጪልኝ።»

«ተቀምጫለሁ። ታዲያ እነሱስ ምን ይጠብቃሉ?»

የሚሰማው የመሬማ ትንፋሽና የእንድሪስ ጫማ ብቻ ነው፤ ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ጓዳ። ትርንጎ ጫማውን ሰሙት። ቆመው አዳመጡት።

«አንተ ሰውዬ» አሉ ቀስ ብለው። «አንተ ቆመህ ማን ይቀመጥ?»

ጫማው ቆመ።

«እውነት ነው፤ እኛ ለመናገር አፍረን እንጂ» አለ ምድጃው። «አባወራው በእግራቸው እየዞሩ እኛ ወንበር ልንይዝ?»

«ቁጭ በል!» አሉ ሽታዬ። «ቁጭ በል!» አሉ ትርንጎ። «አባዬ፣ ቁጭ በል!» አለች መሬማ። እንድሪስ ወንበር መፈለጊያ ጊዜ የለም ብለው፣ የቆሙበት ኮሪደር ላይ፣ መሬት ላይ ዘፍ አሉ።

ይህ ሁለተኛው ስህተታቸው ነበር።

«ወይ ጉድ! አባወራው መሬት ላይ ተቀመጡ!» አለች የውሃዋ። ሁሉም ከእሳቸው ከፍ ብሎ መቀመጥ አቃተው፤ ዝቅ ያለ ቦታ ፍለጋ ተሽቀዳደመ። መብራቱ የጫማ ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ከሳጥኑ ሥር ብርሃን ቦግ ብሎ የቤቱን ጫማ ሁሉ አሳየ። ውሃዋ የበረንዳውን የአበባ ማጠጫ ያዘች። ምድጃው ብርድ ልብስ ማሞቂያው ውስጥ ገባ። ከሁሉ ትሑቷ አዋላጇ ናት፤ ማንም የማይመኘውን የመጨረሻ ቦታ ያዘች።

«ተቀምጣለች» አለ ግድግዳው ደስ ብሎት። «የበር ደወል።»

ለጊዜው ማንም አልገባውም። ከዚያ ከውጭ፣ ከአሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ኮሪደር፣ እንደ ደወል የሚጮህ ድምፅ መጣ።

«እንዲህ ነው እንጂ! እዚህ ይመቻል፤ ነፋሱም ደህና ነው። ታዲያ ወላዷ የታለች?»

ትርንጎ ሮጠው በሩን ከፈቱ። ሽታዬም ተከተሉ። የደወሉ ትንሽ ዓይን ሽታዬን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። አሁን የሚያየው ሆስፒታሉ ነው።

«እናት፣ በጣም አልቦዎታል» አለ አንድ የወንድ ድምፅ በደወሉ በኩል፤ የሆስፒታሉ ሐኪም ነው። «አይዞዎት። ምጡ መቼ ጀመረዎት?»

«እኔን?» አሉ ሽታዬ። «የልጅ ልጆቼ ኮሌጅ ገብተዋል እኮ! ላብ አይደለም፣ ሻወር ነው!»

የፎቁ በሮች አንድ በአንድ ተከፈቱ። አንገቶች ብቅ አሉ።

ሐኪሙ የሚያየው ኮሪደሩን ብቻ ነው። መኝታ ቤት ያለችውን መሬማን አያይም፣ አይሰማም። እንድሪስ ከመሬት ሆነው፣ «እንደገና እንሸኛትና…» ብለው ሲጀምሩ መሬማ ብድግ ብላ ከክፍሏ ወጣች፤ ግድግዳውን ይዛ፣ በባዶ እግሯ፣ እየሳቀችና እያቃሰተች።

«እሷን ከማንቀሳቀስ እኔ ብንቀሳቀስ ይቀላል» አለች። «ፍራሹን አምጡልኝ።»

ማንም አልተከራከራትም። በዚያ ዘመን ሰው ለፕሮግራሙ መንቀሳቀሱ እንግዳ ነገር አልነበረም። ግማሹ ደሴ የሚተኛው አልጋው ሳይሆን ማንቂያው ያለበት ክፍል ነው። ጎረቤቶች ፍራሹን አምጥተው በሩ ደፍ ላይ ዘረጉት፤ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ኮሪደር። ሴቶቹ ነጠላና አንሶላ ወጥረው ከበው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ቆሙ። ወንዶቹን ወደ ደረጃው አባረሯቸው። ውሃ ከሽታዬ ቤት መጣ፤ እጅ ታጠበ።

እንድሪስ ሊነሡ ሲሞክሩ የጫማ ሳጥኑ ብርሃን ደብዘዝ አለ፤ ደወሏም ቃሏን ቆርጣ «ኖር…» አለች።

«እንዳትነሣ!» አሉ ትርንጎ። «በቁሜ እንዳትቀብረኝ! ከተነሣህ ሁሉም ይነሣል፤ እሷም ሐኪሙም!»

«ልጄን ላያት ነው እንጂ…»

«ቁጭ ብለህ እይ!»

ከተቀመጡበት የሚታያቸው የነጠላ ጥለትና የጎረቤት ተረከዝ ነው። እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ሸጎጡ፤ ጉልበታቸው ግን የራሱ ሐሳብ ነበረው።

«በጣም ጥሩ ነው፣ የኔ ዓለም» ትላለች ደወሏ፤ ድምፅዋ ኮሪደሩን ያንቀጠቅጠዋል። «አሁን ግፊ። ይቅርታ አድርጊልኝና ግፊ። አስቸገርኩሽ እንዴ?»

«አታስቂኝ!»

«እሺ፤ እናቴ፣ እጅዎን ከሥር ይዘርጉ፤ እንዲያ ነው፣ እጅዎ ይባረክ። ሐኪሙ ደህና ነው ይላሉ። ግፊ!»

«ምን ሆነ? ምን መጣ?» ይጮሃሉ እንድሪስ።

«ጭንቅላት!» ይላሉ ሽታዬ ጀርባቸውን ሰጥተው፤ እሳቸውም አላዩም።

«ምን ይመስላል?»

«ዝም በል!»

ደረጃው ላይ ያሉት ወንዶች መስማት እንጂ ማየት ስለማይችሉ በየምጡ አብረው ይገፋሉ፤ አንዱ ሱሪው ተቀደደ ተባለ። ሊፍቱ ፎቁ ላይ በደረሰ ቁጥር የሚወርድ ሰው የለም፤ የመጣው ሁሉ ነጠላውን አይቶ መልሶ ይዘጋዋል። ባቡሩ ኮምቦልቻ ደርሷል ብሎ ሰይድ መልእክት ላከ፤ ማንም አላነበበለትም።

ከዚያ ከነጠላው ውስጥ የሆነ ነገር አስነጠሰ፤ ከማስነጠሱ ቀጥሎ አለቀሰ።

እንድሪስ ተነሡ።

መነሣታቸውን አላወቁትም። ልቅሶውን ሰምተው እግራቸው ተነሣ። ከሳቸው ጋር ቤቱ ሁሉ ተነሣ። «ኖር!» አለ የጫማ ሳጥኑ፣ ጠፋ። «ኖር!» አለ ብርድ ልብሱ፣ ቀዘቀዘ። ሐኪሙ፣ «ሴት ናት፤ ደህና ናት፤ ልጅቱን እናትየው ደረት ላይ…» ሲል ተቋረጠ። የኮሪደሩም መብራት የወሎ ቅጂ ኖሮ ከጎረቤት ሰምቶ ተነሣ። ፎቁ በሙሉ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ጨለማው ውስጥ አንዲት ሕፃን ታለቅሳለች፤ ሃያ ሰው ይስቃል።

«ተቀመጥ!» አሏቸው ከየአቅጣጫው። «ጋሽ እንድሪስ፣ ይቀመጡ!» «አንተ ሰውዬ፣ በሕይወትህ!» ከደረጃው ድረስ፣ «ተቀመጡ በሏቸው!» ይላል።

«አልችልም» አሉ እንድሪስ። እውነታቸውን ነው። ጉልበታቸው እንቢ ብሏል። «እንዴት ብዬ ነው የምቀመጠው? ሰው እኮ መጣ!»

ትርንጎ ሕፃኗን መሬማ ደረት ላይ አድርገው በነጠላ ሸፍነዋታል። የደከመች ግን የምትስቅ ድምፅ ከፍራሹ መጣች።

«አባዬ» አለች መሬማ። «ቆሞ ልጅ አይታቀፍም። ና፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጥና ልስጥህ።»

በእጃቸው እየዳበሱ መጡ። ነጠላ የወጠሩት ሴቶች መንገድ ለቀቁ። ፍራሹን በጫማቸው ነኩት፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ አንዱን ጉልበት አጠፉ፣ ቆዩ፣ ሌላውንም አጠፉ። ክብደት የሌለው ትኩስ ነገር ክንዳቸው ላይ አረፈ።

የጫማ ሳጥኑ በራ። ብርሃኑ ከታች፣ ከጫማዎቹ መሃል መጣ። ሐኪሙ ካቋረጠበት ቀጠለ፤ ደወሏ ለመቋረጡ ይቅርታ ጠየቀች፤ ሽታዬ እልል አሉና ፎቁ ተቀበላቸው። እንድሪስ ግን ይህን ሁሉ አልሰሙም። የሕፃኗን ፊት ነበር የሚያዩት። ቀይ ነው፣ ተጨማድዷል፣ በዚህ ሁሉ ግርግር ተቆጥቷል። አንድ ዓይኗን ከፈተች፤ ሁለተኛውን ለማምጣት አልቸኮለችም።

«ኖር» አሏት በሹክሹክታ።

አልተነሡም። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።